የተከለከለው አያት

ሞንጎሊያውያን በአንድ ነገር እኛን ይመስሉናል። እንደ ፈረንጆቹ ከቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የቤተሰብ ስም አይጠሩበትም። ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ ከሞክሼው መለየት ሲያስፈልግ የአባቱ ስም ይጨመርለታል። ልዩነቱ እኛ አባትን ከኋላ ስናስከትል እነሱ ከፊት ማስቀደማቸው ነው። ልጅ እየሞተባቸው ሲቸገሩም ክፉ መንፈስ እንዳይመለከተው ብለው ለሕፃኑ «ነርጉይ» የሚል ስም ያወጡለታል፤ «ስም የለሽ» ማለት ነው። የእኛ እናቶችም ለዚሁ ችግር የሚያወጡት ስም እንዳላቸው አንባቢ ያውቃል።

እነዚህ ሰዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያልጠበቁት የቤት ሥራ ተሰጣቸው። መንግሥት እያንዳንዱ ዜጋ የጎሳ ስም እንዲኖረው ሕግ አወጣ። ሰዉ መጀመሪያ ነገሩን ችላ ብሎት ነበር፤ በ2004 አካባቢ ከአዲስ መታወቂያ ጋር ሲያያዝ ግን ግድ ሆነ። ችግሩ ምንድን ነው፣ ብዙው ሰው የጎሳውን ስም አያውቀውም። አያት ያውቁ ነበር፤ አባት እየሰማ እንዳልሰማ ሆኖ አደገ፤ ልጅ ጭራሹን አልሰማም። አብዮታዊው መንግሥት በ1925 የጎሳ ስም መጠቀምን ከልክሎ ስለነበር ከሰባ ዓመት በኋላ ቅጹ ላይ የተገኘው ባዶ መስመር ነው።

ሊያስታውሱት ያልቻሉትን ስም መምረጥ ጀመሩ። በ1981 በሶቪየት መንኮራኩር ጠፈር የደረሰው የመጀመሪያው ሞንጎሊያዊ ጉራግቻ ለቤተሰቡ «ሳንሳር» የሚል ስም መረጠ፤ ጠፈር ማለት ነው። ይህስ ቢሆን ሠርቶ ያገኘው ስም ነው። እጅግ ብዙው ሰው ግን ተሻምቶ የወሰደው አንድ ስም ነበር፤ ቦርጂጊን። ቦርጂጊን የጀንጊስ ካን ጎሳ ነው።

እስኪ አስቡት። በድሮው ሞንጎሊያ የቦርጂጊን ሰዎች ጥቂት መሳፍንት ነበሩ። ሌላው ሕዝብ ለእነሱ የሚገብር፣ ከብታቸውን የሚያግድ ነው። የጎሳ ስም የተከለከለውም ይህን የመስፍንና የገባር ልዩነት ለማጥፋት ተብሎ ነበር። ክልከላው ሲነሳ የገባሮቹ የልጅ ልጆች መዝገብ ቤት ሄደው የመሳፍንቱን ስም ወሰዱት። አብዮቱ እኩል አደርጋችኋለሁ ያላቸው ሰዎች በመጨረሻ እኩል ሆኑ፤ ሁሉም የንጉሥ ዘር በመሆን።

ይህን የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን ሳቁ ሲያልፍ ጥያቄው ይመጣል። አንድ ሕዝብ ስምንት መቶ ዓመት ወደኋላ ሄዶ የአንድ ሰው ዘመድ ለመሆን ለምን ይሽቀዳደማል? መልሱን ለማግኘት የተሸለሙትን ስም ብቻ ሳይሆን የተነጠቁትንም ማየት ያስፈልጋል።

ነገሩ የሚጀምረው በ1206 ነው። በኦኖን ወንዝ ዳር የተሰበሰቡ የሞንጎል ነገዶች ቴሙጂን የተባለውን የአንድ ትንሽ አለቃ ልጅ በላያቸው ላይ አነገሡትና «ጀንጊስ ካን» አሉት። እስከዚያ ድረስ እርስ በርስ ፈረስና ሚስት ሲዘራረፉ የኖሩ ነገዶች ናቸው። እሱ በ1227 ሲሞት ግዛቱ ከሰሜን ቻይና እስከ ካስፒያን ባሕር ደርሶ ነበር። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ደግሞ ሩሲያን፣ ፋርስንና የቀረውን ቻይና ጨመሩበት። በ1258 ባግዳድን አጥፍተው ኸሊፋውን ገደሉ። በ1260 ዓይን ጃሉት ላይ ማምሉኮች ባይመክቷቸው ኖሮ ወደ ግብፅ መዝለቃቸው ነበር። ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፣ የእኛ ይኩኖ አምላክ በ1270 ዙፋን ከያዘ በኋላ ጳጳስ እንዲላክለት የጻፈለት የግብፁ ሱልጣን ባይባርስ፣ ዓይን ጃሉት ላይ ሞንጎሎቹን ከመከቱት የጦር አለቆች አንዱ ነው።

ይህ ሁሉ በደም የተሠራ ነው፤ ማለባበስ አያስፈልግም። መርቭና ኒሻፑርን የመሳሰሉ የታወቁ ከተሞች በ1221 ከነሕዝባቸው አልቀዋል። ያው ጦር ግን በየመንገዱ ፈረስ የሚቀየርበት የመልእክት ጣቢያ ዘረጋ፤ የሃይማኖት አባቶችን ከግብር ነፃ አደረገ፤ ነጋዴ ከጥቁር ባሕር እስከ ቻይና የሚሄድበትን መንገድ ከፈተ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን የሚጥል ሁሉ የሚያወራው ስለ ጀንጊስ ሳይሆን ስለ ራሱ ነው።

የዚህ ግዛት ዕጣ አንድ አስገራሚ ጠባይ አለው። ሀብቱም ባለሙያውም ውሎ አድሮ ወደ ተያዙት አገሮች ፈሰሰ እንጂ መነሻው ምድር ላይ አልቆየም። ኦጎዴይ በ1235 በግንብ ያጠራት ካራኮሩም ለአንድ ትውልድ ያህል የመልእክተኛና የነጋዴ መናኸሪያ ሆነች። ኩብላይ ካን ግን መናገሻውን ዛሬ ቤጂንግ ወደምትባለው ከተማ አዛወረው፤ በ1271 ሥርወ መንግሥቱን በቻይንኛ «ዩዋን» ብሎ ሰየመው። በ1368 ዩዋን ሲወድቅ ሞንጎሎቹ ወደ ሣር ሜዳቸው ተመለሱ፤ በ1388 የሚንግ ጦር ተከትሏቸው መጥቶ ካራኮሩምን አፈረሳት። ከፍርስራሿ የተለቀመው ድንጋይ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ አጠገቧ ለተሠራው ለኤርደኔ ዙ ገዳም ግንባታ ዋለ። በ1691 የካልካ መሳፍንት ለማንቹ ንጉሠ ነገሥት ገበሩ። ያን ሁሉ አገር ያስገበሩት ሰዎች ልጆች እስከ 1911 ድረስ ገባር ሆነው ኖሩ።

እዚህ ላይ የዛሬዋን ሞንጎሊያ ካርታ መመልከት ይጠቅማል። ስፋቷ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሕዝቧ ግን ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ብቻ። ጎረቤቶቿ ሁለት ናቸው፤ በሰሜን ሩሲያ፣ በደቡብ ቻይና። ሦስተኛ የላትም። ሁለቱም በአንድ ወቅት በጀንጊስ ልጆች ተገዝተዋል፤ ሁለቱም አልረሱትም፤ የሚያስታውሱት ግን ለየቅል ነው። ሩሲያውያን ከ1240 እስከ 1480 ያለውን ዘመን «የታታር ቀንበር» እያሉ ለልጆቻቸው ያስተምራሉ፤ ሩሲያ ሩሲያ የሆነችው ያንን ቀንበር ሰብራ ነው ይላሉ። ቻይናዎቹ ሌላ መንገድ ያዙ። ኩብላይን ከነሥርወ መንግሥቱ ወደ ራሳቸው የነገሥታት ዝርዝር አስገቡትና የገዛቸውን ሰው ዘመድ አደረጉት። እንግዲህ ትንሿ ሞንጎሊያ ስለ አያቷ ለማውራት በፈለገች ቁጥር በአንድ በኩል «ገዳያችን ነው» የሚል፣ በሌላ በኩል «የእኛ ሰው ነው» የሚል ጎረቤት ይሰማታል።

በ1921 በሶቪየት ጦር እርዳታ አብዮት ተካሄደ፤ በ1924 ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ታወጀ። ዋና ከተማዋ «ኡላን ባቶር» ተባለች፤ ቀይ ጀግና ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ነገር አጠር አድርጌ ልጥቀሰው። በ1925 የጎሳ ስም ተከለከለ። ከ1937 እስከ 1939 ባለው ጊዜ በማርሻል ቾይባልሳን አገዛዝ፣ ከሞስኮ በመጣ ግፊት፣ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ተገደለ፤ አብዛኞቹ የቡድሃ መነኮሳት ናቸው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ገዳማት ፈረሱ። በ1941 ደግሞ ከላይ ወደ ታች የሚጻፈው፣ በጀንጊስ ዘመን ከኡይጉሮች የተወሰደው የሞንጎል ፊደል በሩሲያ ፊደል እንዲተካ ተወሰነ። አንድ ልጅ የአያቱን ደብዳቤ ማንበብ እንዳይችል ለማድረግ መጽሐፍ ማቃጠል አያስፈልግም፤ ፊደሉን መቀየር ይበቃል። ፊደል ያለን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት ብዙ አንቸገርም።

በዚህ ሁሉ መሃል ጀንጊስ ካን ከማማረሪያነት በቀር አይነሳም ነበር። በትምህርት ቤት ቢጠቀስም ሕዝቦችን የጨፈጨፈ ፊውዳል ወራሪ ተብሎ ነው። እስከ 1962 ድረስ።

1962 ጀንጊስ ካን የተወለደበት 800ኛ ዓመት ተብሎ የሚቆጠር ነበር። ሞንጎሊያ ባለፈው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆናለች፤ ባንዲራዋ ኒው ዮርክ ላይ ተሰቅሏል። በፓርቲው ውስጥ ቶሞር-ኦቺር የሚባል የ41 ዓመት የፖሊት ቢሮ አባል ነበር። ሰውየው ተቃዋሚ አይደለም፤ የማርክስን ትምህርት የቀሰመ፣ በፓርቲው መሰላል የወጣ ካድሬ ነው። እሱና መሰሎቹ «አገር ያለ መሥራች አይኖርም፤ ይህ ሰው ክፉም ይሁን ደግ የተበታተኑትን ነገዶች አንድ አድርጎ መንግሥት አቁሟል» ብለው አሰቡ። ጀንጊስ ተወለደበት በሚባለው በዳዳል ምስሉ የተቀረጸበት ረጅም ነጭ የድንጋይ ሐውልት ተተከለ። መታሰቢያ ቴምብር ታተመ። በግንቦት መጨረሻ ምሁራን ጉባኤ ተቀምጠው ስለ ሰውየው መልካሙንም ክፉውንም ተናገሩ።

ሞስኮ ተቆጣች። ጊዜውም መጥፎ ነበር፤ ሶቪየትና ቻይና መናከስ ጀምረዋል፤ ቻይናዎቹም በዚያው ዓመት በውስጥ ሞንጎሊያ የጀንጊስን ልደት በድምቀት አክብረዋል። ስለዚህ ኡላን ባቶር ውስጥ የጀንጊስን ስም በበጎ ማንሳት የታሪክ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ከማን ወገን ነህ የሚል ጥያቄ ሆነ። ቴምብሮቹ ከገበያ ተሰበሰቡ። መስከረም ላይ ቶሞር-ኦቺር «ብሔርተኛ» ተብሎ ከፖሊት ቢሮው ተባረረ፤ ቀጥሎ ከፓርቲው ተሰረዘ፤ ከዋና ከተማዋም ርቆ ወደ ክፍለ አገር ተላከ። ቴምብር ያለ መንግሥት ፈቃድ አይታተምም፤ ሐውልትም በአንድ ሰው ጉልበት አይቆምም። አብረው ያጸደቁት ሰዎች ግን እጃቸውን አጣጥፈው ተመለከቱት። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ ዳርካን ከተማ በመኖሪያ ቤቱ ተገደለ።

ሐውልቱን ግን ማንም አላፈረሰውም። ከዋና ከተማው ርቆ፣ ከሩሲያ ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ በጫካና በሐይቅ መሃል ቆሞ ቀረ። ማንም ስለ እሱ አይጽፍም፤ ማንም አይነካውም። እኛ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። የጀንጊስ ካን መቃብር የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ እዚያ ዳዳል ግን ስሙ ብቻውን ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ከ1989 ታኅሣሥ ጀምሮ ወጣቶች በኡላን ባቶር አደባባይ ሰልፍ ወጡ፤ በቀጣዩ መጋቢት ፖሊት ቢሮው ሥልጣኑን ለቀቀ። ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት የቆመው የስታሊን ሐውልት በ1990 የካቲት ተነሳ። ደም ሳይፈስ የተካሄደ ለውጥ ነው፤ በዚህ ማንም ሊያመሰግናቸው ይገባል። ከዚያ በኋላ ጀንጊስ ካን ተመለሰ። አመላለሱ ግን በዝግታ የሚገባ እንግዳ ዓይነት አልነበረም፤ በር ሰብሮ ነው።

በ1993 በወጡት አዳዲስ የብር ኖቶች ትልልቆቹ ላይ የሱ ምስል ታተመ፤ የ1921ዱ አብዮት መሪ ሱኽባታር ትንንሾቹ ላይ ቀረ። ቮድካ በስሙ ተጠመቀ፤ ቢራ በስሙ ተሸጠ፤ ሆቴል በስሙ ተከፈተ። በ2005 አውሮፕላን ማረፊያው በስሙ ተጠራ። በዚያው ዓመት የሱኽባታርና የቾይባልሳን አስከሬን ያረፈበት መካነ መቃብር ከፓርላማው ፊት ፈርሶ በቦታው ዙፋን ላይ የተቀመጠ ግዙፍ ጀንጊስ ተሠራ። በ2008 ከዋና ከተማዋ 54 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ጾንጂን ቦልዶግ 40 ሜትር የሚረዝም፣ በ250 ቶን የማይዝግ ብረት የተለበጠ ባለ ፈረስ ሐውልት ቆመ። ጎብኚ በሐውልቱ ሆድ ውስጥ ወጥቶ በፈረሱ ራስ ላይ ቆሞ ሜዳውን ይመለከታል። ከ2012 ወዲህ ልደቱ ብሔራዊ በዓል ነው። በ2013 የሱኽባታር አደባባይ «የጀንጊስ አደባባይ» ተባለ፤ በ2016 ደግሞ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ። በ2022 በስሙ የተሰየመ ትልቅ ብሔራዊ ሙዚየም ተከፈተ።

ከሁሉ እኔን ፈገግ የሚያሰኘኝ የ2012ቱ ነው። በዚያ ዓመት የሞንጎሊያ መንግሥት ከዓለም ገበያ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ፤ የብድር ሰነዱንም «የጀንጊስ ቦንድ» አለው። ሰውየው በዘመኑ ከቻይና እስከ ፋርስ ግብር የሚሰበስብ ነበር። አሁን በስሙ ብድር ተወሰደ፤ የሚከፍሉትም የልጅ ልጆቹ ናቸው። የአባት ዕዳ ለልጅ ሲባል እንዲህ ያለውንም ይጨምራል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ተመልክቶ «ከንቱ ግብዝነት ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን በዚያ አላልፍም፤ ምክንያቱም ይህ ስም ለሞንጎሊያውያን ጌጥ ብቻ አይደለም። በቻይና ግዛት ውስጥ የሚኖሩት ሞንጎሎች ስድስት ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ ነፃዋ አገር ውስጥ ካሉት በእጥፍ ሊጠጉ ምንም አልቀራቸው። የጀንጊስ ንብረት ነው የሚባሉ ቅርሶች የሚጠበቁበት፣ ዳርካድ የሚባሉ ሰዎች ትውልድ ከትውልድ የሚያገለግሉበት መታሰቢያም ያለው ቻይና ውስጥ ኦርዶስ ላይ ነው፤ ሕንፃውን በ1950ዎቹ የሠራው የቻይና መንግሥት ነው። በ2020 መስከረም በውስጥ ሞንጎሊያ ትምህርት ቤቶች ቋንቋና ታሪክን ጨምሮ ዋና ዋና ትምህርቶች በቻይንኛ እንዲሰጡ ሲወሰን ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ተቃወሙ። በጥቅምት ደግሞ በፈረንሳይ ናንት ከተማ የሚገኝ የታሪክ ሙዚየም ከቻይና ቅርስ ተውሶ ሊያቀርበው የነበረውን የጀንጊስ ካን ዐውደ ርእይ ማስተላለፉን አስታወቀ። ምክንያቱን ሙዚየሙ ራሱ ተናገረ፤ የቻይና ባለ ሥልጣናት «ጀንጊስ ካን»፣ «ሞንጎል»፣ «ግዛት» የሚሉት ቃላት ከዐውደ ርእዩ እንዲወጡ ጠይቀዋል። ዐውደ ርእዩ በመጨረሻ በ2023 ተከፈተ፤ የቀረበውም ቅርሱን በሰጠችው በሞንጎሊያ ትብብር ነው።

ስለ ጀንጊስ ካን በሚያሳይ ዐውደ ርእይ ላይ «ጀንጊስ ካን» የሚለው ስም እንዳይጻፍ! እንግዲህ የቃላት ጠብ የመሰለን ነገር የህልውና ጠብ ነው። ሦስት ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ይዞ በሁለት ግዙፎች መሃል የተቀመጠ አገር «እኔ የማንም ቅርንጫፍ አይደለሁም» ለማለት ብዙ ማስረጃ የለውም። ጦሩ ትንሽ ነው፤ ባሕር የለውም፤ ነዳጁን ከአንዱ ይገዛል፤ የድንጋይ ከሰሉን ለሌላው ይሸጣል። ሁለቱም ሊክዱት የማይችሉት አንድ ነገር አለው፤ በ1206 የተሰጠ የልደት ወረቀት። ለዚህ ነው እንዲህ የሙጥኝ የሚሉት። ለዚህም ነው ሰዉ በመታወቂያው ላይ ቦርጂጊን ብሎ የጻፈው።

እስከዚህ ድረስ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ልለያቸው የምፈልገው በአንድ ነገር ነው።

ስምንት መቶ ዓመት ወደኋላ መሄድ ቀላል ነው። መርቭ ላይ የታረዱት ሰዎች ልጆች ኡላን ባቶር ውስጥ የሉም፤ ማንም ተነስቶ «አባቴን የት አደረስከው?» አይልም። ሰማንያና ዘጠና ዓመት ወደኋላ መሄድ ነው የሚከብደው። በ1937 ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው የልጅ ልጅና ስሙ ዝርዝሩ ላይ የነበረው መነኩሴ የወንድም የልጅ ልጅ ምናልባት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሠራሉ። ጀንጊስን ማንገሥ ሁለቱንም ያስደስታል። ያንን ዝርዝር መክፈት ግን ሁለቱን ያጣላል፤ ወይም ያስታርቃል። የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ለምሳሌ ቾይባልሳንን ተመልከቱ። ያን ሁሉ መነኩሴ ያስፈጀ እሱ ነው። በ1945 ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ ቻይና የሞንጎሊያን ነፃነት በይፋ እንድትቀበል የተደረገውም በእሱ ዘመን ነው። ጨካኝም አገር ጠባቂም በአንድ ቆዳ ውስጥ። ሐውልቱ ከብሔራዊ ዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ቆሟል። በአንጻሩ ገዳማቱን በስታሊን ፍጥነት ለማጥፋት ያንገራገረው ጠቅላይ ሚኒስትር ገንደን በ1937 ሞስኮ ላይ ተረሸነ። ሴት ልጁ ኡላን ባቶር ውስጥ ይኖርበት የነበረውን የእንጨት ቤት በ1996 የዚያ ዘመን ሰለባዎች መታሰቢያ ሙዚየም አደረገችው። በየዓመቱ መስከረም 10 ቀን ሟቾቹ ይታሰባሉ። ይህ መልካም ነው። ግን የ40 ሜትሩን ብረትና ያቺን የእንጨት ቤት ጎን ለጎን ሳስባቸው፣ አንድ አገር ለየትኛው ትዝታ ገንዘቡን እንደሚያወጣ ይታየኛል። ቶሞር-ኦቺርን ያባረሩት ሩሲያውያን ብቻ አይደሉም፤ እጅ አውጥተው የወሰኑት የገዛ ጓዶቹ ናቸው። የጀንጊስን ስም ማን እንዳስከለከለ ሲጠየቅ «ሞስኮ» ብሎ መመለስ ግማሽ መልስ ነው።

ታላቁ አያት እንዲህ ሲያገለግል፣ ማለትም የቅርቡን ቁስል መሸፈኛ ጥላ ሲሆን፣ ስሙ ተመለሰ ማለት ይከብደኛል። በፊት የሞስኮ ሹሞች ክፉውን ብቻ እየነገሩ ሰው አሳጡት፤ አሁን የገዛ ልጆቹ ደጉን ብቻ እየነገሩ ብረት አደረጉት። በሁለቱም ጊዜ ሰውየው ራሱ የለም።

ደግሞ የሚያሳዝነው ሰውየውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። «የሞንጎሎች ምስጢራዊ ታሪክ» የሚባል መጽሐፍ አላቸው። ጀንጊስ ከሞተ በኋላ በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት የተጻፈ፣ ደራሲው የማይታወቅ ሥራ ነው። ተርፎ የቆየበት መንገድ ራሱ ተረት ይመስላል። የሞንጎልኛው ድምፅ በቻይና ፊደል ተጽፎ፣ ለአስተርጓሚዎች መማሪያ ሆኖ ቻይና ውስጥ ቀረ፤ በ1866 ፓላዲ የሚባል ሩሲያዊ መነኩሴ ወደ ሩሲያኛ ተርጉሞ አሳተመው፤ በ1947 ዳምዲንሱረን የተባለው ሞንጎሊያዊ ምሁር በዘመኑ ሞንጎልኛ አዘጋጀው። ያስተዋለ ልብ ይበል፤ የሞንጎልን መጽሐፍ ያቆዩት ቻይናዎች፣ ለዓለም ያሳወቀው ሩሲያዊ ነው። ታሪክ እንደ ፖለቲካው ግንብ የለውም።

መጽሐፉ ለቤተሰቡ ተብሎ የተጻፈ ይመስላል፤ ሆኖም ቤተሰቡን አይሸነግልም። ቴሙጂን በልጅነቱ ውሻ ይፈራ እንደነበር ይናገራል። ግማሽ ወንድሙን በአንዲት ዓሣና በአንዲት ወፍ ጠብ የተነሳ በቀስት እንደገደለው፣ እናቱ ሆኤሉንም ይህን ስትሰማ እንደ አውሬ ቆጥራ እንደረገመችው ይናገራል። ሚስቱን ቦርቴን ጠላት ሲወስዳት እሱ ወደ ተራራ ሸሽቶ እንዳመለጠ፣ ካስመለሳት በኋላም የመጀመሪያ ልጁ የማን ነው የሚለው ሐሜት ቤቱን ሲያምስ እንደኖረ ይናገራል። ይህን ሁሉ የጻፉት ጠላቶቹ አይደሉም። በንግሥናው ጥላ ሥር የኖሩ፣ ምናልባትም አብረውት የተጓዙ ሰዎች ናቸው። አያታቸውን አከበሩት፤ ለማክበር ብለው ግን አልዋሹለትም።

የዛሬ ሞንጎሊያውያን ፊደላቸውን ለመመለስ እየሞከሩ ነው። በ2015 የወጣው የቋንቋ ሕግ ከ2025 ጀምሮ የመንግሥት ሰነዶች በሩሲያው ፊደል ብቻ ሳይሆን በጥንቱም ፊደል እንዲጻፉ አዝዟል። ቀላል ሥራ አይደለም፤ የሰማንያ ዓመት ልማድ በአንድ አዋጅ አይለወጥም። ግን ልጆቹ ያንን ፊደል ሲማሩ ሁለት ነገር ማንበብ ይችላሉ። አንደኛው፣ ውሻ ይፈራ የነበረው ልጅ እንዴት ንጉሥ እንደሆነና ምን እንዳደረገ ነው። ሁለተኛው፣ ፊደሉ ከመቀየሩ በፊት የኖሩት ቅድመ አያቶቻቸው፣ በ1937 ከቤታቸው ተወስደው ያልተመለሱት ጭምር፣ የጻፉትን ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያውን በጉጉት እንደሚያነቡት አልጠራጠርም። ሁለተኛውንም እንዲያነቡት ከልባቸው የሚያበረታታቸው መንግሥትና መምህር ካገኙ፣ ያን ጊዜ የተከለከለው አያት በእርግጥ ቤቱ ተመልሷል እላለሁ።